ከሐይቅ እስከ ዱባይ፤ ለተዘረጋ መዳፍ ሁሉ

ከተመለስኩ ጀምሮ ዓሣ ልትበሉ የገባችሁ ሁሉ «እስቲ ዱባይን አውሪን» እያላችሁ ስንት መጥበሻ አሳረራችሁኝ! እንግዲህ ይኸው ጻፍኩላችሁ። ማንበብ የምትችሉ አንብቡ፣ የማትችሉ ልጅ ይዛችሁ ኑና አስነብቡ። እኔ ከእንግዲህ ሥራዬን ልሥራበት።

ለማታውቁኝ፣ ከድጃ እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ዓሣ ጠብሼ እሸጣለሁ። ባሌ ሰይድ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ መሬት ያርሳል። ሰው የሚያውቀው ግን በእርሻው ሳይሆን በምርቃቱ ነው። ኒካህ ሲታሰር፣ ቤት ሲመረቅ፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ሌላው ቀርቶ ባጃጅ ሲገዛ «አያ ሰይድን ጥሩ» ይባላል። እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ሰይድ ይመርቃል፣ ሰዉ «አሚን» ይላል። በእኛ አገር መዳፉን የዘረጋ ሰው «መርቁኝ» ማለቱ ነው። ይቺን ያዙልኝ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከሷ ነው።

ባጃጅ የሚመርቅ ሰው ታዲያ የገዛ ልጁን አልመረቀም። ዘሀራችን ገና ጉብል ሳለች፣ ለእሱም ለእኔም ሳትነግረን ዓረብ አገር ሄደች። የደወለችው እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው። ሰይድ «ሳትመረቅ!» አለ። ከዚያ ወዲህ ስትደውል «ሰላም ነሽ? እዚህ ዝናብ ዘንቧል» ይላትና ስልኩን ለእኔ ያቀብላል። በበጋም ዘንቧል ይላል፤ አቧራው ዓይን እያወጣ!

እሷ በሰው ቤት ስትንከራተት ቆይታ፣ አሁን ዱባይ ባሕር ዳር ባለ ትልቅ መዝናኛ ሆቴል የክፍል ጽዳት ሠራተኞች አለቃ ሆናለች። ማሻ አላህ ደመወዟ ደህና ነው። ግን በደወለች ቁጥር ታለቅስብኛለች። «እማ፣ ገንዘቤ በረካ የለውም። በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል። አባ አልመረቀኝማ!» ሰይድን ስለምነው «ምርቃት ይጠየቃል እንጂ ይታደላል?» ይለኛል። እሷን «ጠይቂው» ስላት «በምን ፊቴ!» ትለኛለች። እኔ መሀል ላይ እንደ ዘነዘና እወቀጣለሁ።

ሆቴሉ ለደህና ሠራተኞቹ ቤተሰብ የሚጋብዙበት ዕድል ይሰጣል አሉና ቪዛና ቲኬት ላከችልን። ሰይድ «ማሽላውን ወፍ ይበላዋል» አለ። ወፍ የሚጠብቅ ሰው አገኘሁለት። ሌላ ሰበብ ሲያጣ «ኸሄድኩም ባሕሩን ለማየት ነው» አለ። እኔ ባሕር አላማረኝም፤ ሐይቅ አጠገቤ ነው። የምሄደው ከዚህ ሰውዬ አፍ አንድ ምርቃት አውጥቼ ለመመለስ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከሐይቅ ተነስተን አዲስ አበባ

በጧቱ ሚኒባስ ተሳፍረን በደሴ በኩል ኮምቦልቻ ወረድን። ሳንነሳ ጎረቤቴ ደጊቱ እየሮጠች መጥታ አንድ ጠርሙስ ጠበል እጄ ላይ አስቀመጠች። «ከግሸን ያመጣሁት ነው። አውሮፕላኑ ሲነሳ ተቀባቡት። እኔም ለማርያም ተስያለሁ» አለችኝ። ደጊቱና እኔ በአንድ አጥር ነው ያረጀነው፤ ስለቷ ስለቴ ነው። ጠርሙሱን ሰይድ በኪሱ ያዘው።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለው በረራ ሽሮ ጥደሽ ሳትወጠውጪ ያልቃል። ችግሩ አዲስ አበባ ላይ፣ ወደ ውጭ አገር በሚሄደው ፍተሻ ላይ መጣ። ፈታሿ ልጅ ጠርሙሱን አየችና «አባባ፣ ፈሳሽ ይዞ ማለፍ አይቻልም» አለችው።

«ጠበል እኮ ነው ልጄ።»

«ጠበልም ቢሆን ፈሳሽ ነው አባባ። እዚያ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ይጣሉት።»

ሰይድ ፊቱ ተለዋወጠ። «የደጊቱን አደራ ቆሻሻ ውስጥ? አላደርገውም!» ክዳኑን ከፈተና «ቢስሚላህ» ብሎ የግሸን ማርያምን ጠበል እስከ ጠብታው ጠጣው። ልጅቷ አንገቷ ላይ ማተብ አለ፤ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ከኋላችን የተሰለፉ ባልቴት «ያድርግልዎ የኔ ጌታ» አሉት። «አሚን» ብሎ ባዶ ጠርሙሱን ኪሱ መለሰ። ከዚያ በኋላ በበረራው ላይ ከመቀመጫው ይልቅ ሽንት ቤቱን ነው ያወቀው።

ስለዚህ ልብ በሉ፤ ማርም ሆነ ቅቤ፣ ፈሳሽ ነገር በእጅ አይያዝም። በሚጫነው ሻንጣ ክተቱት። አለበለዚያ እንደ ሰይድ ያለ ሆድ ይዛችሁ ሂዱ።

ዱባይ የደረስን ዕለት

የዱባይ አየር ማረፊያ ማለት ከሐይቅ ተነስተሽ ውጫሌ በእግርሽ የምትሄጂ ነው የሚመስልሽ። ደግነቱ አንዳንድ ቦታ ወለሉ ራሱ ይሄዳል። ሰይድ መጀመሪያ እግሩን ሲያሳርፍ «ያ ረቢ!» ብሎ ነጠላዬን ይዞ ሁለታችንንም ሊደፋን ነበር።

ፓስፖርት የሚያየው ጎልማሳ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ቀና ብሎም አላየን። ሰይድ ከቁርኣን በተማረው ዓረብኛ ሰላምታ ጀመረ፤ ጤናውን፣ ወላጆቹን፣ ልጆቹን፣ ግመል ካለውም ግመሉን ጠየቀው። ሰውዬው ቀና ብሎ አየንና ሳቀ፤ ማህተሙን መትቶ «ያ ሐጅ፣ ተፈደል» አለን፤ እለፉ ማለቱ ነው። ሰላምታ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አትቆጥቡት።

ዘሀራ ሥራ ላይ ስለነበረች ልትቀበለን አልቻለችም። በስልክ ግን ደጋግማ መክራናለች። «እማ፣ አየር ማረፊያ ውስጥ ብዙ አትመንዝሩ፣ ምንዛሬው አይጥምም። ለመንገድ የሚሆን ብቻ መንዝሩና ዝርዝር ስጡን በሉ። ድፍን ብር ይዛችሁ አትውጡ። ሻንጣችሁንም ለማንም አታስይዙ።» ባንክ ቪዛችንን አይቶ ከሰጠን ዶላር ላይ ጥቂቷን መነዘርኩ። ዝርዝር ማለቱ ግን ጠፋኝ፤ ሰውየው ድፍኑን ሰጠኝ፣ እኔም አመስግኜ ጡቴ ሥር ወሸቅኩት።

ይህን ስጨርስ ሻንጣችን የለም! ዞር ስል አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት ጋሪ ላይ ጭኖት እየገፋ ነው፤ ሰይድ ደስ ብሎት ከጎኑ ይሄዳል። በእኛ አገር ወጣት ሽማግሌ ተሸክሞ ካየ ይቀበላል፤ ለዚህ ብር ብትሰጪው «ሰደቡኝ» ይላል። ልጁ በሩ ድረስ ገፋልን። ከዚያ ቆመና መዳፉን ዘረጋ።

የሰይድ ፊት በራ። «አየሽ ከድጃ? እዚህም ያውቁበታል!»

ጀመረ። «አላህ ያክብርህ፣ ያዝ ያልከው ይያዝልህ፣ የወጣህበት ይቅናህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ...» እኔ «አሚን» እላለሁ። ልጁ ግን እጁን አላጠፈም። ሰይድ «ይሄ ልጅ ምርቃት አይጠግብም» ብሎ ጨመረለት። ሚስት ሰጠው፣ መንታ ልጆች ሰጠው፣ ላም ሰጠው፣ ላሟ እንድትወልድ አደረገ። ልጁ አሁንም መዳፉ እንደተዘረጋ ነው። ሰይድ ላቡን ጠርጎ ጎተራውን ሞላለት። በመጨረሻ ልጁ አንዴ እኛን፣ አንዴ ባዶ መዳፉን አየና ጋሪውን ይዞ ሄደ።

«አሚን ሳይል ሄደ እኮ» አለ ሰይድ። «ዘመኑ ነው።»

ወጣ ስንል ደግሞ አንድ ሰው የሰይድን ስም በካርቶን ጽፎ ከፍ አድርጎ ይዟል። ሰይድ ክው አለ። «ምን አጥፍቼ ነው ስሜ የተለጠፈ?» ስም የሚለጠፈው ፍርድ ቤት በር ላይ ነው ብሎ ዓምድ ጀርባ ተደበቀ። ለካ ዘሀራ የላከችው ሾፌር ነው! ስማችሁን የያዘ ሰው ካያችሁ አትደንግጡ፤ ያ የናንተ ሰው ነው፣ ከሌላ ጋር አትሂዱ።

ሆቴሉ ስንደርስ ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። ኧረ ስንቱን ልበል! እቅፌ ውስጥ ገባች፣ ተላቀስን። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። ሰይድ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሰላም ነሽ? እዛ... ዝናብ ዘንቧል» አላት።

ስልክ እንኳ አልያዘም፤ ፊት ለፊቷ ቆሞ! ዞሮ የሚያቀብለኝ ስልክ ሲያጣ ሻንጣውን አቀበለኝ። ዘሀራ ጎንበስ ብላ እጁን ሳመችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሻንጣችንን ወደ ክፍል ያደረሰልን ረፊቅ የሚባል የባንግላዴሽ ልጅ ነው። አስቀመጠና እሱም መዳፉን ዘርጋ አደረገ። ሰይድ በድካሙ ላይ ጀመረ፤ አሁን ግን ዓረብኛ እየቀላቀለበት። ረፊቅ ግራ ገብቶት ቆየ፣ ከዚያ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ «አሚን፣ አሚን» ይል ጀመር፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ትንሽ ቆይቶ መስገጃና ተምር ይዞ ተመለሰና ቂብላው በየት እንደሆነ አሳየን። እንዲህ ያለ ልጅ እናቱ ትባረክ።

በማግስቱ

ጧት ስነሳ ክፍላችን ውስጥ ካለች ትንሽ ፍሪጅ ለውዝና ውሃ አገኘሁ። ለእንግዳ ያቀረቡት መስሎኝ ለውዙን ጨረስኩት። ዘሀራ ስትገባ ራሷን ያዘች። «እማ! ይሄ ይከፈልበታል!» ዋጋውን ነገረችኝ። በዚያ ሒሳብ ሐይቅ ላይ ስንት ቆሮሶ ዓሣ ጠብሼ እንደማበላ ሳስብ ለውዙ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ከሐይቅ ያመጣሁትን ቆሎ በለውዙ ዕቃ ሞልቼ መለስኩላቸው፤ የኔ ይሻላል፣ ሱፍ አለበት። ዘሀራ ግን ከፈለች። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ነገር ስጦታ አይደለም፤ ነፃው ውሃ ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው።

ቁርስ ቤቱ ሰርግ ነው። ሰው የሚበላው ግን ለየብቻው፣ አንገቱን ደፍቶ ነው። ሰይድ ሳህኑን ይዞ ተቀመጠና በዙሪያው ላሉት ነጮች ሁሉ በእጁ እያመለከተ «ኑ፣ እንብላ!» አለ። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ የምር ተነስታ መጣች። ከእሱ ሳህን እንቁላል ቀመሰች፣ በገዛ እጁ አጎረሳት፣ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከኛ ጋር ነው የበላችው። የነሱን የባሕር ዓሣም ቀመስኩት፤ ክፉ አይደለም፣ ግን ሚጥሚጣ የማያውቅ ዓሣ ነው። ደግሞ ባሕሩ እዚያ ተዘርግቶ ሳለ አጠገቡ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ሞልተው እዚያ ውስጥ ይዋኛሉ። ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ብናይ ጠበል እንወስደዋለን።

ከሰዓት በኋላ ግን ነገር ተበላሸ። ረፊቅ ለጓደኞቹ አውርቶ ኖሮ፣ አትክልተኛው፣ ዘበኛው፣ ፎጣ የሚያድለው፣ እረፍታቸው ሲደርስ ሰይድ ዘንድ እየመጡ መዳፋቸውን መዘርጋት ጀመሩ። ሰይድ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሁሉንም እንደየአመሉ ይመርቃል። ዘሀራ ፎጣ ተሸክማ ስታልፍ አየችው። ቆመች፣ አየችው፣ አለፈች።

ማታ ክፍላችን መጣችና፣ የአየር ማረፊያውን ነገር ከእኔ ሰምታ ኖሮ፣ በትህትና ነገረችው። «አባ፣ ከአየር ማረፊያው የመጣችሁ ዕለት ልጁ መዳፉን የዘረጋው... እዚህ አገር ገንዘብ ነው የሚሰጠው። ጉርሻ። ሻንጣ ለያዘ፣ ክፍል ለሚያጸዳ፣ ትንሽ ዝርዝር ይሰጣል።» ይህን ብላ አንድ እፍኝ አምስት አምስት ድርሃም እጁ ላይ አደረገችለት።

ሰይድ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። «ያንን ልጅ በላም ሸኘሁት?» አለ። «በላምና በጎተራ? ራሱን ሳይችል መንታ ልጆች ጨመርኩበት?» ሀፍረቱ አንጀቴን በላው፤ ግን ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ዘሀራም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ሳያልቅ ልትወጣ በሩን ከፈተችና «ሁሉንም መረቅካቸው አባ» አለችው። ሰይድ ግድግዳውን አየ።

ምርቃት የተቋረጠበት ቀን

ቀን ሲወጣ ሰይድ ሌላ ሰው ሆነ። ኪሱ ሙሉ ዝርዝር ነው፤ የተዘረጋ መዳፍ ካየ አምስት ድርሃም ያኖርበታል። ፎጣ ለሰጠው ሰጠ። «በዚህ በኩል» ብሎ መንገድ ላመለከተው ሰጠ። ካፊያ መጣ እንዴ ብሎ እጁን ለዘረጋ እንግዳ ሰጠ። አሮጊቷ ፈረንጅ ልታጎርሰው እጇን ብትዘረጋ እሷም ደረሳት! ዘሀራ ሌላ ዝርዝር አመጣች፤ እሱንም ጨረሰ።

ምርቃት ግን ቀረ። ረፊቅ መጥቶ ሁለት እጁን ከፍ ሲያደርግለት እንኳ አምስት ድርሃም አስጨበጠው። ረፊቅ ቅር ብሎት «ኖ ባባ፣ ዱዓ፣ ዱዓ» ቢለው «አብሽር፣ ያዝ» ብሎ አለፈ። እኔ ውስጤ ነደደ። ስንት አገር አቋርጬ ለአንድ ምርቃት መጥቼ፣ ሰውዬው ያለውንም ዘጋው!

«ምነው ሰይድ?» አልኩት ባሕሩን እያየን።

«እኔ እኮ፣ የማላውቀው ሰው እንኳ መዳፉን ዘርግቶ ጠየቀኝ፣ የገዛ ልጄ ግን... ብዬ ሳዝን ነበር። ለካ እነሱም ገንዘብ ነው የፈለጉት። ለካ ምርቃቴን የሚፈልገው የለም» አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ተነስቼ ልጄን ፍለጋ ሄድኩ፤ የአልጋ ልብስ ከሚታጠፍበት ክፍል አገኘኋት። «ስሚ ዘሀራ» አልኳት፣ «አባትሽ የተቆጣ እንዳይመስልሽ። የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው ያኮረፈው። ፊትሽን ከየትም አምጪው፤ መዳፍሽን ዘርጊለት። ኸዚህ በኋላ እኔ ዘነዘና አልሆንም።» አንሶላውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

የተመለስን ዕለት

ዘሀራ ፈቃድ ጠይቃ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘችን። ለሰይድ አንድ አምስት ድርሃም ብቻ ቀርታዋለች፤ ሻንጣ ለሚገፋው ብሎ እጁ ውስጥ ጨምድዶ ይዟታል። የሻንጣ ማስረከቢያውን ሰልፍ የኛ አገር ሴት ልጆች ናቸው የሞሉት፤ ካርቶናቸውን በፕላስተር ጠፍንገው። አነጋገራቸውን ስሰማ ወሎዬ፤ የመርሳም፣ የውጫሌም አለችበት።

ሰልፉ ወደፊት ሲል ዘሀራ ቦርሳዋን መሬት አኖረች። ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ከዚያ ቀና ሳትል ሁለት መዳፏን ዘረጋች።

ሰይድ አየ። እጁ ለምዶበት፣ ሳያስብ፣ አምስቷን ድርሃም መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ! ከኋላችን ያሉት ልጆች እንኳ ወሬያቸውን አቆሙ። ዘሀራ ብሯን አየቻት። እጇን ግን አላጠፈችም።

«አባ» አለችው፣ «እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። የዘረጋሁት እንደ አገሬ ነው።»

ሰይድ አፉን ከፈተ። ላምና ጎተራ የሚያድል ምላስ ተሳሰረ። «ዘሀራ... ዝናብ...» አለና ቆመ። ከዚያ ቀኝ እጁን ጭንቅላቷ ላይ ጫነ፣ ድምፁ ሲወጣ የዓመታት እልህ አብሮ ወጣ።

«አላህ ይቅር ይበልሽ፣ እኔንም ይቅር ይበለኝ። የሄድሽበት ይቅናሽ። በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። አፈር ስትይዢ ወርቅ ይሁንልሽ። ያገኘሽው በረካ ይኑረው፤ በእጅሽ ይክረም። ክፉ አይንካሽ። እኔ ሳልሞት አገርሽ ያግባሽ።»

«አሚን!» አልኩ። ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ዞር ስል ካርቶናቸውን አስቀምጠው ሰልፉ በሙሉ መዳፉን ዘርግቷል። ማተብ ያሰረችም፣ ሂጃብ የለበሰችም። አንዷ «አባባ፣ ለኛም! እኛም ሳንመረቅ ነው የወጣነው» አለችው። ሰይድ እንባውን በጋቢው ጠረገና «ኑ» አላቸው። ሚዛን ላይ ያለው ሠራተኛ «ቀጣይ! ቀጣይ!» እያለ ይጮሃል፤ የሚሰማው የለም። ሻንጣ ገፊውም ሳይገባው እጁን ዘርግቶ ነበር፣ እሱን በሳንቲም ሳይሆን በምርቃት ሸኘነው፣ በኋላ ጉርሻውን ዘሀራ ከራሷ ሰጠችው።

ልንለይ ስንል ሰይድ ወደ ልጁ ጎንበስ ብሎ «በይ አምስቷን መልሺ፣ በስህተት ነው» አላት።

«አልመልስም» አለችው።

ሐይቅ ስንደርስ ደጊቱ በር ላይ ቆማ «ጠበሉን ተቀባችሁት?» ብላ ጠየቀችን። «ሰይድ ጠጣው» ስላት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ስለቷን ግን ሰምሯል ብላ ለግሸን አስገብታለች።

አሁን ስልኩ ሲጮህ ቀድሞ የሚያነሳው ሰይድ ነው። ዝናብ ዘንቦ ቤታችን ቢያፈስም ስለ ዝናብ አያወራም። ቢስሚላህ ብሎ ይጀምራል፣ ዳታው ሲያልቅ ነው የሚያቆም። እኔ የራሴን ካርድ ሞልቼ እንደገና እደውላለሁ። ባለፈው «ያቺ አምስት ድርሃም ምን በላት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አለች እማ» አለችኝ፤ «አልወጣችም።»